ክር፦ የደንበኞቼን መልእክት ሌላ ሰው እንዳያነበው ከየት ልጀምር?

በኢንተርኔት የውይይት መድረካችን ላይ ጥያቄውን የከፈተችው ሐዋሳ ውስጥ ጥብቅና የምትሠራ ሴት ናት። ደንበኞቿ ባብዛኛው ዐረብ አገር ሄደው የተበደሉ ሴቶች ናቸው። ያልተከፈለ ደመወዝ አለ። የተያዘ ፓስፖርት አለ። እዚህ በቀረ ባልና ቤት የተነሣ ክርክርም አለ። አንዷ ደንበኛዋ ዛሬም ቤሩት ናት። የሥራ ውሏን፣ የሐኪም ወረቀቷን፣ አንዳንዴም የተጎዳ ክንዷን ፎቶ አንሥታ ትልካለች። የሚመጣው በኢሞ ወይም በቴሌግራም ነው። ጠበቃዋ ሁለት ነገር ጠየቀች። ቴሌግራም ለዚህ ይበቃል ወይ? ካልበቃ ደግሞ፣ በይፋዊ ቁልፍ መመስጠር የሚባለውን ነገር የኮምፒውተር ባለሙያ ያልሆነ ሰው ከየት ብሎ ይጀምረዋል?

መልሶቹ ብዙ ናቸው፤ መሐል ላይ ይጋጫሉ፣ ከርእሱም ይወጣሉ። ጥያቄው ግን የጠበቃዋ ብቻ አይደለም። ሐኪምም፣ ጋዜጠኛም፣ ከባሏ የሸሸች ሴትም አንድ ቀን ይጠይቁታል። አዲስ የሚመጣ አንባቢ እንዳይጠፋበት በየቁጥራቸው ላስቀምጣቸው። እኔም 11ኛው ላይ ገብቻለሁ፤ የሚሰማኝንም በየመሐሉ እናገራለሁ።

1ኛ መልስ
የጻፈው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። እህቴ ብሎ በትሕትና ጀመረና መሠረቱን በሙዳየ ምጽዋት አስረዳ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ በቆመው ሣጥን ማንም አላፊ አግዳሚ ብሩን ይከታል። ከፍቶ የሚያወጣው ግን ቁልፉን የያዘው ብቻ ነው። ጠበቃዋም ሁለት ቁልፍ ይኖራታል። ይፋዊው ለፈለገ ሁሉ ይሰጣል፤ ቢዝነስ ካርድ ላይ ቢታተምም ጉዳት የለውም። በሱ የተመሰጠረውን የሚፈታው የግል ቁልፏ ነው፤ እሱ ደግሞ ከእጇ አይወጣም። ዋናው ነገር፣ ሁለቱ ሰዎች አስቀድመው ተገናኝተው የምስጢር ቃል መለዋወጥ አይጠበቅባቸውም። ቤሩት ላለች ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ላኪው ራሱ እንኳ አንዴ የመሰጠረውን መልሶ ሊፈታው አይችልም ሲልም ጨመረ። ይህቺ ነጥብ በኋላ ትታረማለች።

2ኛ መልስ
ሁለት መስመር ናት። ቴሌግራም የተመሰጠረ ነው፤ አትድከሚ፤ የማንስ ሰነድ ነው ማን የሚያነበው የሚል ነው።

3ኛ መልስ
እዚህ ድምፁ ከረር አለ። መላሹ የሞባይል ጥገና ቤት ያለው ሰው ነው፤ 2ኛው መልስ ሰው ያሳስታል ብሎ ፊት ለፊት ተናገረ። የቴሌግራም ተራ ቻት የሚመሰጠረው ከስልክ እስከ ኩባንያው ሰርቨር ድረስ ነው። ሰርቨሩ ላይ ቁልፉ ያለው ኩባንያው ጋ ነው። አዲስ ስልክ ገዝተን ስንገባ የድሮው ቻት ሁሉ ተሰልፎ የሚጠብቀንም ለዚህ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማለት ከላኪው ስልክ እስከ ተቀባዩ ስልክ ድረስ፣ የሚመሰጠረው ሲክሬት ቻት የተባለው ብቻ ነው። እሱም በራሱ አይከፈትም። የሰውዬው ፕሮፋይል ውስጥ ገብቶ ሦስቱን ነጥቦች ነክቶ መክፈት ያስፈልጋል። ለሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ለግሩፕ አይሠራም። የተከፈተበት ስልክ ላይ እንጂ ሌላ ስልክ ላይም አይታይም።

ሁሉም ትክክል ነው። ሐዋሳ ውስጥ እድሩም፣ የክፍል ተማሪውም፣ ሱቁም የሚያወራው በቴሌግራም ስለሆነ ይህን ልዩነት ማወቅ ግድ ይላል።

4ኛ እና 5ኛ መልስ
ሁለተኛው ሰው ተመልሶ መጣ፤ ተሰድቤያለሁ ባይ ነው። የጥገና ባለሙያውን ደንበኛ ለማግኘት የሚያስፈራራ ሰው አድርጎ ሣለው። 5ኛው መልስ ሁለቱንም ረጋ በሉ አላቸው። ይለፍ።

6ኛ መልስ
ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። የጻፉት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ መድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ታሪኩን በአጭሩ ነገሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 ዊትፊልድ ዲፊ እና ማርቲን ሄልማን የሁለት ቁልፍ ሐሳብን ይፋ አወጡ። በዓመቱ ሪቨስት፣ ሻሚር እና አድልማን በተግባር የሚሠራ ስሌት አገኙለት፤ አርኤስኤ የሚለው ስም የሦስቱ ስም መነሻ ነው። ክሊፎርድ ኮክስ የተባለ እንግሊዛዊ ደግሞ ያንኑ ስሌት በ1973 ለአገሩ የስለላ መሥሪያ ቤት ሠርቶት ነበር። እስከ 1997 ድረስ ግን በምስጢር ተይዞ ቆየ።

ከዚያ ስሌቱን በትንሽ ቁጥር አሳዩ። ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ እኩል የማይካፈሉ) ይወሰዳሉ፤ 3 እና 11። ሲባዙ 33 ይሆናሉ። ጠበቃዋ ለዓለም የምትናገረው 33 እና 3 ነው፤ ይህ 3 ስንት ጊዜ እንደሚባዛ የሚነግር ነው፣ ከላይኛው 3 ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው። ለራሷ የምትይዘው 7 ነው። ላኪዋ 4 የሚለውን ቁጥር መላክ ፈለገች እንበል። 4 በ4 በ4 ሲባዛ 64 ነው። 64 ለ33 ሲካፈል ቀሪው 31 ነው፤ የሚላከው ይህ 31 ነው። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው 31ን እንጂ 4ን አያይም። ጠበቃዋ ሰባት ጊዜ 31ን ጽፋ ታባዛቸዋለች። 27,512,614,111 ይመጣል። ለ33 ስታካፍለው ቀሪው 4 ነው።

ሰባቱ ከየት እንደመጣም አልደበቁም። ከ3 እና ከ11 አንድ አንድ ይቀነሳል፤ 2 እና 10 ይቀራሉ። ብዜታቸው 20 ነው። ይፋዊው 3 በ7 ሲባዛ 21፣ ለ20 ሲካፈል ቀሪው 1። 7 የተመረጠው ለዚህ ነው። 3 እና 11ን የማያውቅ ሰው 20ን አያገኝም፤ 20ን ያላገኘ 7ን አያገኝም። እኔ ስለ ይፋዊ ቁልፍ ብዙ አንብቤያለሁ፤ እንዲህ ጥርት ብሎ በአማርኛ የተነገረበት ቦታ ግን ትዝ አይለኝም። ጋሼ ይኑሩልን።

7ኛ መልስ
አንደኛው ተማሪ ተመልሶ መጣ። ስሌቱን በስልኩ ካልኩሌተር ሠርቶ 4 እንደወጣለት ደስ ብሎት ተናገረ። ሁለት ነገርም ጨመረ። 33ን ማንም ልጅ 3 በ11 ብሎ ይፈታዋል፤ እውነተኛው የ2048 ቢት ቁልፍ ግን 617 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው፤ እሱን ወደ ሁለቱ ብቸኛ ቁጥሮች መመለስ የቻለ የለም። ሁለተኛው፣ ፕሮግራሞቹ ሙሉውን ሰነድ በዚህ ስሌት አይመሰጥሩም፤ ጊዜ ይፈጃል። ሰነዱን ለአንድ ጊዜ ብቻ በተፈጠረ ፈጣን ቁልፍ ይመሰጥራሉ፣ ከዚያ ያቺን ትንሽ ቁልፍ በይፋዊው ቁልፍ ይመሰጥሯታል።

8ኛ መልስ
አንድ ድርጅት ውስጥ ኮምፒውተር የሚይዝ ሰው ወደ ተግባሩ ገባ። እስከዚህ ድረስ ጠበቃዋ ምን እንደምትጭን የነገራት አልነበረም፤ ያስመሰግነዋል።

ዊንዶውስ ላለው ጂፒጂ-ፎር-ዊን የሚባል ነፃ ጥቅል አለ፤ ውስጡ ክሊዮፓትራ የምትባል ፕሮግራም ትመጣለች። አዲስ ጥንድ ቁልፍ ፍጠር ሲባል ስምና ኢሜይል ይሞላል፣ ከዚያ የይለፍ ሐረግ ይመረጣል። ለኢሜይል ተንደርበርድን የሚጠቀም ደግሞ ሌላ ነገር መጫን የለበትም፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ፣ ከ78ኛው እትሙ ወዲህ፣ ምስጠራው እዚያው ውስጡ አለ። አንድሮይድ ስልክ ላይ ኦፕንኪይቼይን አለ። ቀጥሎ ሁለቱ ሰዎች ይፋዊ ቁልፋቸውን ይላላካሉ፤ አንዱ የሌላውን ወደ ፕሮግራሙ ያስገባል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ተቀባዩን መርጦ መመስጠር ብቻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ ሊደመጥ ይገባል። ቁልፉን ከመላክ በፊት ፋይሉን በኖትፓድ መክፈት። የመጀመሪያው መስመር ላይ ፐብሊክ የሚል ቃል ካለ ይላካል። ፕራይቬት የሚል ከሆነ ግን እጅ ከኪቦርዱ ይነሣ! ሁለቱ ፋይሎች በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም የተዘበራረቀ ፊደል ናቸው። የግሉን የላከ ሰው ሌላ ቁልፍ ከመፍጠር ውጪ መፍትሔ የለውም።

የአንደኛውን መልስ ነጥብም ያረመው እሱ ነው። ተንደርበርድ መልእክቱን ለላኪውም ቁልፍ ጨምሮ ስለሚመሰጥረው፣ ላኪው የላከውን መልሶ ማንበብ ይችላል።

9ኛ መልስ
የመድረኩ ኃይለኛ ሰው ነው፤ ዕውቀት አለው፣ ትዕግሥት የለውም። ለአንዲት ጠበቃና ለቤት ሠራተኛ ፒጂፒ፣ ማለት 8ኛው መልስ ላይ የተነገረውን የምስጠራ ዘዴ፣ መምከር ማሠቃየት ነው አለ። ፒጂፒ ፊል ዚመርማን እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ነው። ሰውየውም ለዚያ ሲል ብዙ ከፍሏል፤ ጠንካራ ምስጠራ በአሜሪካ ሕግ እንደ ጦር መሣሪያ ይቆጠር ስለነበር፣ ፕሮግራሙ ወደ ውጭ ወጣ ተብሎ ከ1993 እስከ 1996 የወንጀል ምርመራ ተከፍቶበት ነበር። ክስ ሳይመሠረትበት ተዘጋ። ግን ድካሙ ቢከበርም ዘዴው ለዛሬ ሰው ይከብዳል ባይ ነው። የኢሜይሉ ርእስ ብዙ ጊዜ ሳይመሰጠር ይሄዳል። ማን ለማን መቼ እንደጻፈ ሁልጊዜ ይታያል። የግል ቁልፉ አንድ ቀን ከተሰረቀ ደግሞ ለባለቤቱ የተላኩ የድሮ መልእክቶች ሁሉ ይፈታሉ።

የአሜሪካን የስለላ ምስጢር ያወጣውን ኤድዋርድ ስኖውደንን ምሳሌ አደረገ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ላይ ምስጢሩን ለጋዜጠኛው ግሌን ግሪንዋልድ ሊሰጥ ፈልጎ ፒጂፒ እንዲጭን ለመነው። ጋዜጠኛው ከበደውና አቆየው። ስኖውደን በኋላ ወደ ፊልም ሠሪዋ ላውራ ፖይትራስ ዞረ፤ እሷ ምስጠራ ታውቅበት ነበር። የዓለም ዜና የሆነ ነገር የሚያቀርብ ጋዜጠኛ ካቃተው፣ ሥራ ቤት ውስጥ ተደብቃ የምትጽፍ ልጅ እንዴት ትችለዋለች ሲል ጠየቀ። መልሱ ሲግናል የተባለው የመልእክት አፕ ነው ይላል፤ ሲግናል ካልሆነ ዋትስአፕ። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2016 የሲግናልን የምስጠራ ዘዴ ለሁሉም ተጠቃሚ አዳርሷል። ሁለቱም ቁልፉን ራሳቸው ይፈጥራሉ፣ እያወራንም ይቀያይሩታል፤ የዛሬው ቢሰረቅ የትናንቱ አይፈታም።

10ኛ መልስ
ስምንተኛው ሰው መለሰ፤ ጨዋ ነው ግን አልተበገረም። ሲግናል ላይ ለመመዝገብ ስልክ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ፒጂፒ ላይ አያስፈልግም። ትልቅ ፋይል መስጥሮ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ፣ ዓመት ቆይቶ መክፈት፣ አዲስ አበባ ላለ የሥራ ባልደረባ በኢሜይል መላክ፤ ለዚህ ሁሉ ፒጂፒ ይሻላል አለ። ዘጠነኛው ሰው ለስድብ የቀረበ መልስ ሰጠው፤ አስተባባሪው አነሣው፣ እኔም አልደግመውም። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ልክ ናቸው። ለቤሩቷ ልጅ ዘጠነኛው፣ ለአዲስ አበባው ባልደረባ ስምንተኛው።

11ኛ መልስ
ይህ የእኔ ነው። ሁሉም ስለ ፕሮግራም ሲከራከር ዋናው ነገር ተረሳ ብዬ ጻፍኩ። ያ ቁልፍ በእውነት የሰውየው ነው ወይ?

ማንም ሰው በጠበቃዋ ስምና ኢሜይል ቁልፍ መፍጠር ይችላል። ክሊዮፓትራ ስም ሲሞላ መታወቂያ አትጠይቅም። አንድ ሰው በጠበቃዋ ስም የራሱን ቁልፍ ሠርቶ ለቤሩቷ ልጅ ቢልክላት፣ ልጅቷ ሰነዷን በሌባው ቁልፍ መስጥራ በእጇ ትሰጠዋለች። እሱ ያነባል፣ መልሶ በእውነተኛው ቁልፍ መስጥሮ ለጠበቃዋ ያስተላልፋል። ሁለቱም ምንም አይጠረጥሩም። ሒሳቡ አልተሰበረም፤ የጋሼ ስሌት እንደቆመ ነው። ሰነዱ ግን ተነቧል።

መድኃኒቱ የቁልፉን አሻራ፣ ማለት ከቁልፉ የሚወጣውን አጭር መለያ፣ ማመሳከር ነው። በፒጂፒ አሻራው ብዙ ጊዜ 40 ምልክት ነው፤ ከ0 እስከ 9 ያሉ አኃዞችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ ፊደላት፣ አራት አራት ሆነው በአሥር ቦታ ይጻፋሉ። በሲግናልና በዋትስአፕ ደግሞ 60 አኃዝ ነው፤ አምስት አምስት ሆኖ በአሥራ ሁለት ቦታ። ያወራነው ሰው ስም ላይ ተነክቶ ይገኛል። ከዚያ በተራ ስልክ መደወል ነው። ሰላምታው ይቅደም፤ የቤተሰቡ ደኅንነት ይጠየቅ፤ ድምፁ የሚታወቅ መሆኑ ይረጋገጥ። ቀጥሎ እሷ የመጀመሪያውን አምስት አኃዝ ታነባለች፣ ጠበቃዋ ሁለተኛውን፣ እሷ ሦስተኛውን፣ እንዲያ እየተቀባበሉ እስከ አሥራ ሁለተኛው። አሻራው ቁልፉ በመጣበት መንገድ አይላክ፤ ቁልፉን የቀየረ ሰው አሻራውንም ይቀይረዋልና። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ምልክቶች ብቻ አይቶ ማለፍም አይበቃም፤ መጨረሻው የሚመሳሰል ቁልፍ ሆን ብሎ መፍጠር ይቻላል።

ጊዜ የሌለው ሰው ሒሳቡን ይዝለለው። የፕሮግራሙን ክርክርም ይተወው። ይህን ግን አይዝለል። ምስጠራ የምናውቀውን ሰው ከማናውቀው አይለይልንም። ያንን የሚለየው የእኛ ጆሮና ዓይን ነው። አደራ የምለው ለዚህ ነው።

12ኛ መልስ
የጥገና ባለሙያው አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመረልኝ። ሰውየው ስልክ ከቀየረ ወይም አፑን አጥፍቶ መልሶ ከጫነ 60ው አኃዝ ሊቀየር ይችላል፤ ሲግናልም ተቀይሯል ብሎ ያሳውቃል። መደንገጥ አያስፈልግም፤ ግን ሰነድ ከመላክ በፊት እንደገና ደውሎ ማመሳከር ነው። እዚሁ ከተማ ያለ ሰው ከሆነ ደግሞ ተገናኝቶ ኪውአር ኮዱን መቃኘት ይቀላል። ቅዳሜ ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ ዳር የሚመጣ ካለ ቁልፍ እንመሳከር ብሎ ጋበዘ።

13ኛ፣ 14ኛ እና 15ኛ መልስ
አዲስ ሰው ገባ። ንጹሕ ሰው ምን ይደብቃል፤ ይህን ሁሉ የሚማር ሰው ያጠራጥራል አለ። 14ኛው መላሽ እሳት ሆነ፤ ሰውየውን የደመወዝ ወረቀትህንና የምርመራ ውጤትህን እዚሁ ለጥፍልን ብሎ አፋጠጠው። 15ኛውን የጻፈችው ራሷ ጠበቃዋ ናት። ሳትቆጣ መለሰች። የደንበኛ ምስጢር መጠበቅ የሙያዋ ግዴታ ነው። ከዚያም አልፎ፣ ልጅቷ ለጠበቃ እንደጻፈች አሠሪዋ ቢያውቅ ስልኳን ይቀማታል፤ ስልኳ ከተቀማ ደግሞ ከሰው ጋር የሚያገናኛት ነገር የለም። ሰውየው መልስ አልሰጠም። እኔ በበኩሌ ከዚህ በኋላ ስለ ንጹሕ ሰው የሚያነሣ ካለ ይህን መልስ ነው የማሳየው።

16ኛ መልስ
እዚህ ክሩ መንገድ የሳተ መሰለ። አልሳተም። አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ ልጅ ጻፈች። የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም ከጧት እስከ ማታ ክፍት ነው። የሱቁ ስም በማርከር ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ደንበኛ ይገባል፣ ስሙን ይፈልጋል፣ ፋይሉን ይልካል፤ እሷ አውርዳ ታትማለች። የወረደው ሁሉ ዳውንሎድ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ በሚል ፎልደር ይከማቻል። የቀበሌ መታወቂያ፣ የፋይዳ ካርድ፣ የቤት ሽያጭ ውል፣ የፍቺ አቤቱታ፣ የሐኪም ማስረጃ። ደንበኛው ወረቀቱን ይዞ፣ ከፍሎ ይወጣል። ፋይሉን አጥፊልኝ የሚል ሰው በጣም ጥቂት ነው። ማታ የባለቤቱ ልጅ በዚያው ኮምፒውተር ጌም ይጫወታል።

ስለዚህ ጥያቄዋ ይህ ነበር፤ ሰነዱ ከቤሩት እስከ ሐዋሳ ተመስጥሮ መጥቶ፣ መጨረሻ ላይ እሷ ሱቅ ሊታተም በተራ ቻት ከተላከ ምን ተረፈ? መድረኩ ላይ ከተጻፈው ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ምስጠራ የሚጠብቀው መንገዱን ነው። ሁለቱ ጫፎች ላይ ሰነዱ እንደማንኛውም ሰነድ ይነበባል።

17ኛ እና 18ኛ መልስ
የሌላ ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ተቆጣ። ሌቦች ተደረግን፤ እኛ በቀን ስንት ሰው እያስተናገድን የማንን ሰነድ ለማንበብ ጊዜ አለን ሲል ጻፈ። ልጅቷ በትሕትና፣ ጋሽዬ ብላ፣ ማንንም ሌባ እንዳላለች መለሰች። ፋይሉ ተከማችቶ መቅረቱ ነው ያሳሰባት። መፍትሔም ይዛ መጣች። ቴሌግራም ላይ መልእክቱን ለሁለቱም ወገን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ የወረደው ፋይል ፎልደሩ ውስጥ ይቀራል። ከፎልደሩም፣ ከሪሳይክል ቢኑም መጥፋት አለበት። ደንበኛው አጠገቧ ቆሞ እያየ ብታጠፋ ደስ ይላታል፤ ጠይቁን አለች። ለጠበቃዋ ግን የራሷን ፕሪንተር እንድትገዛ መከረቻት። ገበያዋን ራሷ እየቀነሰች እንዲህ መምከሯ ልቤን ነክቶታል።

19ኛ መልስ
ሕግ የተማረ ሰው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን አስታወሰ። የሰው የግል መረጃ የሚይዝ ንግድ ሁሉ ይህን አዋጅ ቢያነብ መልካም ነው፣ ፎቶ ኮፒ ቤቶችን ጨምሮ። በዚያው የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010ን አነሣ። ይፋዊ ቁልፍ ለመመስጠር ብቻ ሳይሆን ለመፈረምም ነው። በግል ቁልፍ የተፈረመውን ማንም በይፋዊው አጣርቶ፣ ፈራሚው ያ ሰው መሆኑንና ከተፈረመ በኋላ አንድ ፊደል እንኳ አለመቀየሩን ማረጋገጥ ይችላል። ይህ ራሱን የቻለ ክር ይወጣዋል።

ከ20ኛ እስከ 23ኛ መልስ
ወሬው ወደ ስልክ ሌባ ዞረ። አንዱ መናኸሪያ አካባቢ ባጃጅ ውስጥ ስልኩ እንዴት እንደተመነተፈ ነገረ። ሌላው የስልክ ዋጋ ምን ያህል እንደናረ አማረረ። ሦስተኛው አሞራ ገደል ዓሣ ሲበላ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ተነሥቶ፣ አስተናጋጁ ሮጦ እንዳደረሰለት ጽፎ ልጁን አመሰገነ።

ከዚህ መሐል 22ኛው የሚረባ ነበር። የይለፍ ሐረግ በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይሻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ተማሪው መለሰለት፤ ይቻላል፣ ግን ሁለት ችግር አለ። የአማርኛ ኪቦርድ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሰውየው ከራሱ ቁልፍ ውጭ ይቀራል። ደግሞም ሐዋሳ ሲል በሐመሩ ሐ ይሁን በሀሌታው ሀ የጻፈው ከስድስት ወር በኋላ ላያስታውስ ይችላል፤ ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ልዩ ፊደላት ናቸው። እርስ በርስ የማይገናኙ አምስት ስድስት የአማርኛ ቃላት በዘፈቀደ መርጦ በላቲን ፊደል መጻፍ ይሻላል አለ። ተረት ወይም የመዝሙር ስንኝ አይሁን፤ እሱን ሌላውም ያውቀዋል።

24ኛ መልስ
ጠበቃዋ ተመለሰች። ቤሩት ካለችው ልጅ ጋር ሲግናል ጭነዋል። ልጅቷ ለመደወል የምትችለው አሠሪዋ ሲወጡ ስለሆነ ጠብቀው ነው የተደዋወሉት። ስድሳውን አኃዝ እየተቀባበሉ አነበቡ፤ ገጠመ። መልእክቶቹ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ራሳቸው እንዲጠፉ አድርገዋል፤ ልጅቷ ጋ ስልኩ ቢፈተሽ የሚገኝ እንዳይኖር። ጠበቃዋ ለፍርድ ቤት የሚያስፈልጋትን ሰነድ ግን ወዲያው አውርዳ፣ በክሊዮፓትራ መስጥራ ታስቀምጣለች። አዲስ አበባ ያለው ባልደረባዋም ተንደርበርድ ጀምሯል። ሁሉንም በየቁጥራቸው አመሰገነች፤ ዘጠነኛውን ኃይለኛ ሰው ሳይቀር። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ለስለስ ብሎ በርቺ አላት። ቆንጆ ነበር።

25ኛ እና 26ኛ መልስ
የመጨረሻው ጥያቄ የመጣው ከሌላ አንባቢ ነው። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ወይም የይለፍ ሐረጉ ቢረሳ፣ ያ በየሰዉ እጅ የተበተነው ይፋዊ ቁልፍ ምን ይሆናል? ሰዎች በሱ እየመሰጠሩ መላካቸውን ይቀጥላሉ፤ ባለቤቱ ግን ሊከፍተው አይችልም።

ስምንተኛው ሰው መለሰ። ለዚህ የመሻሪያ ሰርተፊኬት የሚባል ትንሽ ፋይል አለ። አዳዲሶቹ የጂፒጂ እትሞች ቁልፉ ሲፈጠር አብረው ያዘጋጁታል። ፋይሉ ለሰዎች ሲሰራጭ ፕሮግራማቸው ያን ቁልፍ የተሻረ ብሎ ይመዘግበዋል። ስለዚህ ላፕቶፑ ላይ ብቻ መቀመጥ የለበትም፤ ፍላሽ ላይ ተገልብጦ ሌላ ቤት ይቀመጥ። ከግል ቁልፉ መጠባበቂያ ጋር አንድ ላይም አይሁን። ለቁልፉ ደግሞ የሁለት ዓመት ማብቂያ ቀን ቢሰጠው ጥሩ ነው፤ ባለቤቱ ካለ ቀኑን ያራዝመዋል፣ ከሌለ ቁልፉ በራሱ ጊዜ ያበቃል። አንባቢው ዛሬ ማታ መብራት ካልጠፋ እሠራዋለሁ ብሎ ጻፈ።